«አብሽሩ» እያልኩ ፋሻ ያጠብኩበት ዘመን

ተመረጥኩ! ትናንት በቀበሌያችን አዳራሽ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ወልድያ ሄጄ የጤና ትምህርት እንድማር እጅ ወጥቶልኝ ተመረጥኩ። ሊቀመንበሩ «የሚቃወም አለ?» ብለው ሲጠይቁ ከኋላ በኩል አንዲት እጅ ብድግ አለች። እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ ለጉልበታቸው ወደ ክሊኒካችን የሚመላለሱ አሮጊት።

«እኔስ አልቃወምም» አሉ፤ «የምትመለሰው መቼ ነው? ጉልበቴን ስታሽልኝ የጀመረችውን ወሬ መሐል ላይ ነው ያቆመችብኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩም ሳቃቸውን ሳል አስመስለው «ተቃውሞ የለም» አሉና ዘጉት።

እንግዲህ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ክሊኒክ ልሰናበት ነው። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ግን ሰው ሁሉ «ጡረተኛዋ» እያለ ይጠራኛል። ስሙን ያወጡልኝ አብሬያቸው የሠራሁት ጋሽ ሰይድ ናቸው። «ጡረታ የወጣ ሰው የሥራ ዘመኑን ይጽፋል፤ አንቺም ጻፊ። መጻፍ እንደሆነ ተምረሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ተምሬያለሁ! መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ገብቼ ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ብዙ አልሆነም፤ አሁን ግን የሰው ስም፣ የመድኃኒት ስም፣ የመንደር ስም፣ ያሰብኩትን ሁሉ እጽፋለሁ። ተቀምጦ መጻፍ እንዲህ እንደሚጥም ማን ነግሮኝ! ይህን የጀመርኩት ለጣቢያችን የግድግዳ ጋዜጣ ነበር። አስተማሪያችን መጀመሪያውን ብቻ አይቶ «ይኼ እኮ ግድግዳው አይበቃውም» አለኝ። ካልበቃው በሩ ላይም ይለጠፍ።

ሥራዬ ፋሻ ማጠብ ነበር። እንዴት እንደገባሁበት ልንገራችሁ። በላሊበላ ለገና የሚመጣ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ አይቀመጥም። ከሰቆጣም ከዋድላም በእግሩ ተጉዞ በራችን የደረሰውን ሰው እናቴ ሙቅ ውሃ ታቀርብለታለች፣ እኔ ጎንበስ ብዬ አጥባለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት የመጣች አንዲት ሴት ተረከዟ ውስጥ እሾህ ቀርቶባት፣ እግሯን ገና ሳልነካት ትጮህ ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ። «መንገዱ እንዴት ነበር?» አልኳት። በቅሎ ስንቋን እንዴት እንደበላባት ማውራት ጀመረች፤ በቅሎዋን እየረገመች፣ እሷም እየሳቀች፣ እኔም እየሳቅሁ፣ በመሐል እሾሁ እጄ ላይ ሆነ። «ወጣ እንዴ?» አለች። ነገሩን ከአጥራችን ጥግ ሆነው የሚያዩ ሰው ነበሩ። ቦርሳቸውን አንግተው የመንገደኛ እግር ለማየት በየቤቱ የሚዞሩት ጋሽ ሰይድ ናቸው።

«ይቺን ልጅ ስጡኝ» አሏት እናቴን።

«ምን ልታደርግልዎት?»

«ቁስለኛ ታጫውትልኛለች።»

«ለማጫወት ደመወዝ አለው?»

«ለማጫወቱ የለውም። ፋሻ ለማጠቡ ግን ትንሽ አላጣም።»

ያቺ ትንሽ እስከ ዛሬም ትንሽ ናት፤ እሷን እንለፋት።

ጋሽ ሰይድ የክሊኒካችን ድሬሰር ናቸው። ቁስል ያጥባሉ፣ ፋሻ ይጠመጥማሉ፣ መርፌ ይወጋሉ። አገራቸው መርሳ ነው፤ ከቆላ መጥተው በእኛ ብርድ ስንት ዓመት እንደኖሩ እሳቸውም አያስታውሱትም። በሽተኛ በገባ ቁጥር «አብሽሩ!» ይላሉ። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ቢያነበው፣ አብሽሩ ማለት አይዟችሁ፣ ደስ ይበላችሁ ማለት ነው። በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፤ እሳቸው ሲሉት ግን ከሌላው ሰው ይልቅ ያሞቃል።

ፋሻ ማጠብ ቀላል ሥራ ይመስላችኋል? ደም የነካውን ፋሻ ሙቅ ውሃ ውስጥ የከተተ ሰው ደሙን አበሰለው ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቢያሹት አይለቅም። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ በትልቁ ድስት ማፍላት፣ ከዚያ ፀሐይ። የላሊበላ ፀሐይ ጎበዝ ናት፣ እኩለ ቀን ሳይሆን አድርቃ ትመልስልኛለች። ትልቁ ሙያ ግን መጠቅለሉ ነው። ላልቶ የተጠቀለለ ፋሻ ሲጠመጠም ይሸበሸባል፤ የተሸበሸበ ፋሻ ደግሞ በቁስል ላይ ሌላ ቁስል ያመጣል። ጋሽ ሰይድ የጠቀለልኩትን ያነሡና ወደ ላይ ወርውረው ይቀልቡታል። አየር ላይ ከተፈታ «ድገሚው!» ካልተፈታ «ማሻ አላህ!» የመጀመሪያዋን «ማሻ አላህ» እስካገኝ ድረስ ጭኔ በመጠቅለል ብዛት ቀልቶ ነበር። ያገኘሁ ቀን ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም «አሁን ደመወዝ ሊጨምሩልሽ ነው?» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ናት።

በስድስት ዓመት ውስጥ ኃላፊዎች ሲመጡና ሲሄዱ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ኃላፊ ሳቅ አይወዱም ነበር። «ይኼ ሕክምና ቤት ነው ወይስ ሠርግ ቤት?» ይሉናል፤ እሳቸው ሲያልፉ በሽተኛው ሁሉ ይበልጥ የታመመ መስሎ ይተኛላቸዋል። ኋላ የመጡት ሲስተር አልማዝ ናቸው፤ አሁንም ያሉት። ሲስተር ሳቁን ይወዱታል፣ እጅ ሳይታጠብ የሚሳቀውን ግን አይወዱም። ከእሳቸው መርፌ እንዴት እንደሚቀቀል፣ የተቀቀለውን በምን እንደሚያነሡት ተማርኩ። ከጋሽ ሰይድ የተማርኩት ደግሞ ሰውን ነው።

አንዴ ለክትባት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ሄድን። እኔ የጥጥና የፋሻ ከረጢቱን ተሸክሜ ነበር። አንድ መንደር ስንደርስ የመጀመሪያው ልጅ መርፌውን አይቶ ሲጮህ የቀሩት ሁሉ ወደ ገደሉ ሸሹ። የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ግዙፍ ሰውዬ፣ ልጆቹን በቁጣ ሊሰበስቡ ተነሡ። ጋሽ ሰይድ ከለከሏቸው።

«እባክዎ ቁጣውን ይተዉትና ክንድዎን ያውሱኝ። ልጆቹ እርስዎን አይተው ይደፍራሉ።»

ሰውዬው ደረታቸውን ነፍተው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ጋሽ ሰይድ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጥጥ አነሡና ክንዳቸውን ጠረግ አደረጉት።

«ወይኔ እናቴ!» አሉ ሰውዬው።

«ኧረ ገና ጥጡ ነው የነካዎት!»

ልጆቹ ከየድንጋዩ ሥር እየሳቁ ወጡ። ሰውዬውም ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ልጁ ሁሉ እየተጋፋ ተሰለፈ። ስንመለስ ጋሽ ሰይድ የነገሩኝ አሁንም ይሠራልኛል፦ የፈራ ክንድ ይደነድናል፣ በደነደነ ክንድ የገባ መርፌ ይበልጥ ያማል። የሳቀ ክንድ ግን ይላላል። በእጄ ነክቼ አይቼዋለሁና ማንም መጥቶ ሌላ አያሳምነኝም።

ልማዳቸው ብዙ ነው። የተኛ ሰው ራስጌ ቆመው አያውቁም፤ በርጩማቸውን አስጠግተው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። በብርድ ጊዜ እጃቸውን በብብታቸው ሳያሞቁ ሰው አይነኩም። ከዚያ ደግሞ ጥያቄያቸው አለች፦ «ሲድኑ መጀመሪያ የት ይሄዳሉ?» አንዱ ገበያ ይላል፣ አንዷ ልጄ ቤት ትላለች። አንድ ሽማግሌ ሲጠየቁ «ከጎረቤቴ ጋር የጀመርኩትን ጠብ እጨርሳለሁ» አሏቸው። «እሱም ጉዳይ ነው። ለጠብ ጉልበት ያስፈልጋል፣ በሉ ይብሉ!» ብለው ምግባቸውን አቀረቡላቸው። ሽማግሌው በሉ። ድነው ሲወጡ ከጎረቤታቸው ጋር ታረቁ ሲባል ሰማሁ፤ ያን ሁሉ የበሉት በከንቱ ሆነ ብለን ሳቅን።

እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። የሚሄድበት ያለው በሽተኛ ይበላል፤ የበላ ይተኛል፤ የተኛ በቀጠሮው ቀን ይመጣል፤ «ይኼ ክኒን ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ግን መድኃኒቱን ትራሱ ሥር ይደብቀዋል፤ አልጋ ሳነጥፍ አገኘዋለሁ። ሳቅ ቁስል አይዘጋም፤ ቁስል የሚዘጋው በንጹሕ ውሃ፣ በመድኃኒትና በጊዜ ነው። የደስታ ሥራ ሰውዬው እስከዚያ ድረስ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው።

ይህንን ግን ሁልጊዜ አላወቅነውም ነበር። የእትዬ በላይነሽን ነገር መጻፍ ይከብደኛል፤ ያለሱ ደግሞ ቀጣዩ አይገባችሁም።

እትዬ በላይነሽ ጥጥ ፈታይ ናት። ፈትሏ ቀጭን ነበር፤ የሷ ፈትል ያለበት ጋቢ በገበያ ይለያል። ቀኝ እጇ በእሳት ተቃጥሎ መጣች። ከሁሉ በሽተኛ የምታስቀን እሷ ነበረች። የተቃጠለ እጅ ፋሻው ጣት ከጣት ተለይቶ ይጠመጠማል፤ በየቀኑም ጣቶቹ አንድ በአንድ መዘርጋት አለባቸው። ሕመሙ ከባድ ነው። ጋሽ ሰይድ ጣቷን ሲይዙ ዓይኗ ውሃ ይሞላል፤ ወዲያው ደግሞ «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬ ጣቴን ይተዉልኝና ባሌ ከበግ ጋር የተጣላውን ላጫውትዎ» ትላለች። እንስቃለን። ጣቱ «ለነገ» ይባላል። በማግሥቱ ሌላ ጨዋታ ይመጣል። ያን የመሰለ ደስታ ማን ያበላሻል? ቁስሉ ጥርት ብሎ ደረቀ፣ እልል አልን።

አንድ ቀን እንዝርቷን ይዛ መጣች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ልትፈትል ሞከረች። ሁለቱ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ታጥፈው ቀርተው ነበር። እንዝርቱ ወደቀ። አነሣችው። ወደቀ። ሦስተኛ ሳትሞክር ቀና ብላ አየችን፤ ያን ቀን የምትነግረን ጨዋታ አልነበራትም። ከዚያ ደሴ ድረስ ላክናት፤ «ጊዜው አልፏል» ብለው መለሷት።

ያን ሳምንት ጋሽ ሰይድ ፋሻ ወደ ላይ አልወረወሩም። አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ በርጩማቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሳቁን መሸሻ አደረግነው» አሉኝ። «አብሽሩ ማለት አያምም ማለት አይደለም። ያማል፣ አብሬዎ ነኝ ማለት ነው። እኔ ይህን ያህል ዓመት ስለው ኖሬ ግማሹን ረስቼው ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በክሊኒካችን ሥርዓቱ ተለወጠ። የሚያመው ሥራ ይቀድማል፣ ጨዋታው አብሮት ይሄዳል። «የት ጋ ያምዎታል?» ሳይባል ማንም አይስቅም።

መሪጌታ ክንፈ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። መሪጌታ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ካህናት በመቋሚያ እየተወዘወዙ የሚያቀርቡትን ዝማሜ የሚያስተምሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመቆም ኖረዋል። ቅልጥማቸው ላይ ድንጋይ የመታቸው ቦታ ቆስሎ፣ ቁስሉ ሰፍቶ፣ እግራቸው አብጦ፣ ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ጉማጅ እንጨት ደርቋል።

ሲስተር አልማዝ በደንብ አዩና እውነቱን ነገሯቸው። «መሪጌታ፣ አልዋሽዎትም። ቁስሉ እስከ ገና ካልጠበበ ደሴ እልክዎታለሁ። እዚያ እግሩን እንቁረጠው ሊሉ ይችላሉ።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሽ ሰይድ በርጩማቸውን አስጠጉ። «ሲድኑ መጀመሪያ የት ይሄዳሉ?»

«የትም። የምሄድበት አንድ ቦታ ነበረኝ፣ ማሜ ጋራ። በአንድ እግር የሚዘም ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ማሜ ጋራን ላላየ ልንገር። ከቤተ ማርያም በላይ ያለው የዓለቱ ጫፍ ነው። የልደት ዕለት ጠዋት ካህናቱ ነጭ ለብሰው በዚያ ጫፍ ላይ ይደረደራሉ፤ ከታች ግቢው ውስጥ ያሉት ይዘማሉ፣ ከላይ ያሉት ይመልሳሉ፤ ሕዝቡ ዓለቱን ሞልቶ ያያል። መሪጌታ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ከዚያ ቀርተው አያውቁም።

ሕክምናው ይህ ነበር፦ እግሩ በጭድ ከረጢት ላይ ከፍ ብሎ መዋል፣ ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ መታጠብ፣ መርፌ፣ ከጣት እስከ ጉልበት ፋሻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ታች ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወደ ላይ ማንቀሳቀስ፤ የቆመው ደም እንዲሄድ። እሱን ነው እምቢ ያሉት።

«ያማል፣ መሪጌታ። በጣም ያማል» አሏቸው ጋሽ ሰይድ።

«እንግዲያ ተወኝ።»

«አልተውዎትም።»

«አንተ ሰይድ፣ አብሽር አብሽር ትለኛለህ፤ እግሩ ያንተ አይደለ!»

«እግሩ የእርስዎ፣ ፋሻው የኛ። ሁለታችንም ድርሻ አለን።»

ጾመ ነቢያት ሲገባ ደግሞ ባሰ። ምግብ ይመለሳል። ክኒኑ ከትራስ ሥር ይገኛል። ሲስተር ቁስሉን በክር ይለኩታል፤ ከዳር እስከ ዳር ያህል ክር ቆርጠው ሚስማር ላይ ያንጠለጥላሉ። የየሳምንቱ ክር እኩል ነበር።

ከተማሪዎቻቸው መሐል ምሥጋናው የሚባል አለ። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ድምፁም ደህና ነው። ዝማሜ ላይ ግን ጉድ ነው፤ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲል እሱ ወደ ግራ፣ ሁሉ ዝቅ ሲል እሱ ቀና። የመሪጌታን ምሳ ያመጣ ነበር። አንድ ቀን «መምህሬ ካልተነሡ ማን ያስተምረኛል? ለገና እኮ ሰልፍ ውስጥ አያቆሙኝም» ብሎ ሲያማርር «በረንዳው ላይ ለብቻህ ተለማመድ፣ ማን ከለከለህ?» አልኩትና ገባሁ።

የመሪጌታን እግር በሁለት እጄ ይዤ ፋሻ እየፈታሁ ነው። ከውጭ ምሥጋናው ጀመረ። መሪጌታ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው በመስኮቱ አዩት። ግንባራቸው ተጨማደደ። ከዚያ፦

«ኧረ አይደለም! ወደ ታች ነው! ወደ ታች!»

የእግራቸው ጣት ወደ ታች ወረደ። እጄ ውስጥ ነው የወረደው! ያ የደረቀ እንጨት!

«ጋሽ ሰይድ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ተንቀሳቀሰ!»

«ምኑ?»

«ቁርጭምጭሚቱ!»

«ዝም በይ አንቺ፣ ልጁን ላርመው!» አሉ መሪጌታ። ወዲያው ሕመሙ ደረሰባቸውና «ወየው እግሬን!» ብለው ጉልበታቸውን ጨበጡ።

ልስቅ ነበር። የእትዬ በላይነሽ ዓይን መጣብኝና አልሳቅሁም። ጋሽ ሰይድ መጥተው ተቀመጡ።

«አመመዎት?»

«እንደ እሳት።»

«የት ጋ?»

አሳዩዋቸው። ጋሽ ሰይድ ያቺን ቦታ በመዳፋቸው ይዘው «እንቀጥል ወይስ ይብቃ?» አሏቸው። በዚህ መሐል ምሥጋናው ከውጭ እንደገና ሳተ። መሪጌታ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ወደ እግራቸው አዩ።

«ይህን ልጅ እንዲህ ትቼው ብሄድ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» አሉ። «ያዝ እንግዲህ። ወደ ታች… ወደ ላይ… አንተ ምሥጋናው፣ ና እዚህ፣ እግሬን እያየህ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠጋን፤ ትምህርቱ ወደ በረንዳው መጣ። ተማሪዎቹ በመቋሚያቸው፣ መምህሩ በእግራቸው። ከበሮ ለክሊኒክ አይሆንም ስለተባለ ባዶ ጀሪካን ይመቱ ነበር። በየመሐሉ ጋሽ ሰይድ «የት ጋ?» ይላሉ፤ መሪጌታ ያሳያሉ፣ ይረግማሉ፣ ይቀጥላሉ። ሌላው በሽተኛም ዝም ብሎ አላየም። እማማ ጥሩነሽ ጉልበታቸውን ማጠፍና መዘርጋት ጀመሩ። ክንዱ የተሰበረ አንድ ገበሬ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። «በመንግሥት ሕክምና ቤት ማኅሌት ተቆመ» ተባለና ሊቀመንበሩ መጡ። ሲስተር አልማዝ በሩ ላይ ተቀበሏቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የአካል እንቅስቃሴ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሕክምና ነው።»

«ከበሮውስ?»

«ጀሪካን ነው።»

ሊቀመንበሩ ጀሪካኑን አዩ፣ የመሪጌታን እግር አዩ፣ እማማ ጥሩነሽን አዩ። «ለብዙኃኑ ጤና ከሆነ ጥሩ ነው» አሉ። ሲወጡ ጫማቸው ከጀሪካኑ ምት ጋር እኩል ይረግጥ ነበር፤ እኔ እግር ስለማይ አያመልጠኝም።

ማስተማር ያስርባል። መሪጌታ ክክ ወጡን፣ ሱፍ ፍትፍቱን፣ የተቀቀለ ሽምብራውን መብላት ጀመሩ። ከትራሳቸው ሥር ክኒን ጠፋ። ክሩ አጠረ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አጠረ። የቁስሉ ዳር ቀላ ብሎ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ፤ ደህና ቁስል እንዲህ ነው፣ ከዳር ነው የሚዘጋው። ከዚያ አንድ ሳምንት ክሩ ረዘመ! ሲስተር ሁለቴ ለኩት። ረዝሟል።

«ቆመው ነበር?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

መሪጌታ «ጸሎት ተኝቶ አልለመደብኝም» አሉ።

«መሪጌታ፣ እኔም እግሬን ሲያመኝ ተቀምጬ እሰግዳለሁ፤ እግዜር የእግሬን ነገር ያውቃል። የእርስዎን አያውቅም?»

መሪጌታ እግራቸውን ወደ ጭዱ ከረጢት መለሱ። «አንተ ሰው፣ ድሬሰር ሆነህ ቀረህ እንጂ መምህር ይወጣህ ነበር» አሉና ተጋደሙ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ተራ ገብተው ይጠብቋቸው ጀመር፤ ሊነሡ ሲሉ «መምህር፣ ክሩ!» ይሏቸዋል።

ሌላም ችግር መጣ። ምሥጋናው ተማረ። ሲያዩት ሲያዩት የሚታረም ነገር ጠፋበት፤ የመሪጌታም እግር ሰነፈ። ጋሽ ሰይድ ምሥጋናውን ወደ ጎን ሳቡት።

«ልጄ፣ አንዳንዴ ሳት ብትል ምን አለበት?»

«ጋሼ፣ ሳልፈልግ ስስት ስንት ዓመት ተቆጡኝ። አሁን ያወቅሁ ለት ፈልጌ ልሳት?»

ቢሆንም አንዳንዴ ሳተላቸው። መሪጌታ ያወቁበት ይመስለኛል።

ገና ሲቃረብ ሲስተር ክራቸውን ይዘው መጡ። ሁላችንም በሩ ላይ ተደርድረናል። ለኩ፤ ቆረጡ። ክሩ የገብስ ፍሬ ያህል ነበር።

«ደሴ ቀርቷል» አሉ ሲስተር። እኔ አለቀስኩ፤ መሪጌታ ግን «ማሜ ጋራስ?» አሉ። ሲስተር ጣታቸውን ቀሰሩ። «ፋሻ ታስሮ፣ ሰው ተደግፈው፣ እኩሌታውን ብቻ። ጋሽ ሰይድ ተቀመጡ ሲሉ ይቀመጣሉ።»

የልደት ዕለት ጠዋት ያሰርኩላቸው ፋሻ በሕይወቴ ከጠቀለልኳቸው ሁሉ ጥብቁ ነበር። መሪጌታ በምሥጋናው ትከሻ ተደግፈው ከሰልፉ ዳር ቆሙ። ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ካህናቱ ፊትና ወደ ሰማዩ ሲያይ እኔ አንዲት እግር ብቻ ነበር የማየው። ከታች ዝማሜው ተነሣ፤ ከላይ ተመለሰ። ነጩ ሰልፍ ሁሉ ዝቅ ሲል እግሯ ዝቅ፣ ቀና ሲል ቀና። ጋሽ ሰይድ በማዶ በኩል ከሕዝቡ መሐል ቆመዋል፤ እኩሌታው ሲደርስ በርጩማቸውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው አሳዩ። መሪጌታ አላየሁም ብለው አንገታቸውን አዞሩ። ጋሽ ሰይድ በርጩማውን አወዛወዙት። ምሥጋናው ጎንበስ ብሎ «መምህር፣ ክሩ» አላቸው። ተቀመጡ። ተቀምጠውም እግራቸው አላቆመችም።

ዛሬ ከትምህርት ጣቢያው ስወጣ መሪጌታን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ በመቋሚያቸው ብቻ ይሄዳሉ። መጻፌን ሰምተዋል። «እንግዲያ ይህን ጨምሪበት» አሉኝ፤ እኔም ሳላጎድል አስተላልፋለሁ። ቁስሉ ቢዘጋም ቁርጭምጭሚቱ ገና ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት ከተማሪዎቻቸው ጋር በክሊኒኩ በረንዳ ይገኛሉ። ገበያ ስትወጡ ጎራ በሉ። ጉልበት የያዛችሁ፣ ክንድ የደነደነባችሁ፣ ሐዘን ከቤት አላስወጣ ያላችሁ፣ እስላምም ክርስቲያንም ኑ። እጃችሁን ታጥባችሁ ግቡ፣ ሲስተር ይቆጣሉ። የሚያማችሁን ቦታ ሳትደብቁ ለጋሽ ሰይድ አሳዩ። ጀሪካኑን በግራ እጇ የምትመታው እትዬ በላይነሽ ናት፤ ጨዋታዋም ተመልሷል። ዝማሜ የማታውቁ ደግሞ ይበልጥ ኑ፤ ምሥጋናው አንዴም አልስት ብሎ መሪጌታ የሚያርሙት ሰው አጥተዋል።